ከታውሰን እስከ በርሚንግሃም፦ የሴቶች ላክሮስን ተከትለን

ረቡዕ፣ ጁን 29፣ ታውሰን፣ ሜሪላንድ

የዓለም የሴቶች ላክሮስ ሻምፒዮና ዛሬ ተጀመረ። መካሄድ የነበረበት አምና ነው። በኮቪድ ምክንያት ወደ 2022 ተገፋ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወደ 30 የሚጠጉ ቡድኖች መጥተዋል። ውድድሩ በታውሰን ዩኒቨርሲቲ ነው። ታውሰን ከባልቲሞር በስተሰሜን፣ ከከተማው ጋር ተያይዛ ያለች ናት። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት አይፈጅም። መቼም ከሥራ መውጫ ላይ መንገዱ የማይዘጋጋበት ቀን የለም።

አብራኝ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው፤ በትምህርት ቤቷ ቡድን ውስጥ ተከላካይ ሆና ትጫወታለች። እኔ ከእግር ኳስና ከሩጫ ሌላ ስፖርት የማላውቅ ሰው ነኝ። እሷ ናት ጎትታ ያመጣችኝ።

በዱላ የሚጫወቱት ኳስ ሲባል አንድ ሐበሻ መጀመሪያ የሚመጣለት ገና ነው። እዚህ ግን ኳሱ መሬት ላይ አይንከባለልም። ዱላው ጫፉ ላይ መረብ አለው። ኳሱን መረቡ ውስጥ ይዘው ይሮጣሉ፣ ከመረብ ወደ መረብ ይወረውሩታል፣ በመጨረሻም ወደ ግቡ ይለቁታል። ኳሱ ድፍን ጎማ ነው፤ ሲመታ ያማል። ግቡ ቁመቱም ስፋቱም 1.83 ሜትር ብቻ ነው። ለዚህም ነው ግብ ጠባቂዋ ከራስ ቁር እስከ ደረት መከላከያ ተጀቡና የምትቆመው። ሌሎቹ ከዓይን መከላከያና ከጥርስ መከላከያ በቀር ብዙም የለበሱት ነገር የለም። የወንዶቹ ጨዋታ በትከሻ መጋጨት ያለበት ነው። በሴቶቹ ይህ ክልክል ነው። ወደ ባላጋራ ጭንቅላት ዱላ መሰንዘር ካርድ ያሰጣል። ግቡን አነጣጥራ ልትመታ በተዘጋጀች አጥቂ ፊት ዝም ብሎ መገተርም ጥፋት ነው። ስለዚህ ተከላካይዋ የምትሠራው በእግሯ ነው። እየተንሸራተተች መንገድ ትዘጋለች።

በየቡድኑ 12 ሴቶች ናቸው። ጨዋታው አራት ሩብ አለው፤ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ነው። እኔ ዓይኔን ኳሱ ላይ ተክዬ ስቀመጥ ልጅቷ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«አክስቴ፣ ግቡን ተይው። መሐል ያሉትን ሁለቱን እዪ።»

መሐል ሜዳ ላይ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። የዱላቸው ራሶች ጀርባና ጀርባ ገጥመዋል፤ ኳሱ በሁለቱ መሐል ተቆንጥጧል። ዳኛዋ ስታፏጭ ዱላቸውን ወደ ላይ ይመነጭቃሉ። ኳሱ ከራሳቸው በላይ ይወጣል። ከዚያ ያገኘ ያገኛል። ድሮው ይሉታል። ግብ በተቆጠረ ቁጥር ጨዋታው የሚጀመረው በዚህ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን እስኪ አስቡት። በእግር ኳስ ግብ ያገባ ቡድን ኳሱን ለተቃራኒው ይሰጣል። እዚህ ያገባው ቡድን ድሮውን ካሸነፈ ኳሱ ተመልሶ የራሱ ነው። አሁንም ያገባል፣ አሁንም ድሮው። ሌላው ቡድን ኳስ ሳይነካ አራትና አምስት ግብ ሊቆጠርበት ይችላል።

የመክፈቻው ጨዋታ አሜሪካ ከካናዳ ነበር። ሁለቱን ኃያላን በመጀመሪያው ቀን ማገናኘታቸው ገርሞኛል። እኔ ብሆን ለመጨረሻ አስቀምጣቸው ነበር። አሜሪካ አሸነፈች። እኔም መሐል ያሉትን ሁለቱን እያየሁ አመሸሁ።

ሐሙስ፣ ጁን 30፣ ታውሰን

ዛሬ ፈቃድ ወስጃለሁ። ትልቁን ስታዲየም፣ ጆኒ ዩናይተስን፣ ትተን ትንንሾቹን ሜዳዎች ዞርን። ለእኔ ከሁሉም የጣመኝ ይኼ ነው። አጥሩን ተደግፈህ ታያለህ፤ አሠልጣኟ የምትለው ሁሉ ይሰማል። ተመልካቹ ቤተሰብ ነው፤ አያት፣ አጎት፣ ሕፃን ልጅ በጋሪ።

ከአፍሪካ ዩጋንዳ መጥታለች። የዩጋንዳ ወንዶች እ.ኤ.አ. በ2014 ዴንቨር ላይ በዓለም ሻምፒዮና የተጫወቱ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ነበሩ። አሁን ተራው የሴቶቹ ነው። ስለ ውጤት ብዙ አላስጨነቀኝም። ሲያሟሙቁ እየዘፈኑ ነበር። አጠገባችን የነበሩ ሁለት የኒውዚላንድ ደጋፊዎች ስልካቸውን አውጥተው ሲቀርጹ እኔም በባዶ ሜዳ «የኛ ልጆች ናቸው!» አልኩ። ልጅቷ አፈረች። ጎረቤት መሆን እኮ ዘመድነት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐምራዊና ነጭ የለበሱትን ፍለጋ ሄድን። ሆዲኖሾኒ ናቸው። ስድስት ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም ሞሆክ፣ ኦናይዳ፣ ኦኖንዳጋ፣ ካዩጋ፣ ሴኔካና ተስካሮራ፣ በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው። አገራቸው ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ተከፍሏል። እነሱ ግን የሚጫወቱት በሁለቱም ባንዲራ አይደለም፤ በራሳቸው ነው። ላክሮስ የእነሱና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ጨዋታ ነው። በሆዲኖሾኒ ዘንድ ከፈጣሪ የተሰጠ፣ ለሕሙማን ፈውስ የሚጫወቱት ነው። ነጮቹ ዘግይተው ነው የተማሩት።

ችግሩ ፓስፖርት ላይ ነው። በራሳቸው ፓስፖርት መጓዝ ይፈልጋሉ። በ2010 ወንዶቹ ለዓለም ሻምፒዮና ወደ እንግሊዝ ሊሄዱ ሲሉ ፓስፖርታቸውን እንግሊዝ አልቀበልም ብላ ሳይሄዱ ቀሩ። በ2015 ደግሞ ከ19 ዓመት በታች ሴቶቹ በዚሁ ምክንያት የስኮትላንዱ ውድድር አመለጣቸው። የአሜሪካን ወይ የካናዳን ፓስፖርት ቢይዙ ያልፉ ነበር። አልያዙም። ስለ ጉዞ ሰነድ አንድ ሁለት ነገር የምናውቅ የኛ ሰዎች ይኼን ታሪክ ሳናቃስት አንሰማውም።

የሴቶቹ መንገድ ደግሞ ሌላ እሾህ ነበረው። በባህሉ ላክሮስ የወንድ ነው። ከእንጨት የተሠራውን የወንዶች ዱላ ሴት አትነካም። በ1980ዎቹ ሴቶች ቡድን ሲያቋቁሙ ተቃውሞው ከራሳቸው ማኅበረሰብ ነበር የመጣው፤ ከተቃዋሚዎቹም መሐል የጎሳ እናቶች ነበሩ። ዛሬ እነዚያን ሐምራዊ የለበሱ ልጃገረዶች አጥር ዳር ሆነው የሚያበረታቱ አሮጊቶች አየሁ። ማን ማንን እንዳሳመነ አልጠየቅኩም።

ዓርብ፣ ጁላይ 8፣ ስፓርክስ፣ ሜሪላንድ

ሳምንቱን ሥራ በላው። ልጅቷ ግን ውጤት በስልክ ስትልክልኝ ሰነበተች። የነገው ፍፃሜ አሜሪካ ከካናዳ ነው፤ ማን ይገረማል።

ዛሬ ከታውሰን ወደ ሰሜን ጥቂት ነድተን ስፓርክስ ገባን። የአሜሪካ ላክሮስ ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ የዝነኞች አዳራሽና ሙዚየሙም እዚያው። ትንሽ ነው፤ ግን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የድሮዎቹን የእንጨት ዱላዎች ረዘም ላለ ጊዜ አየኋቸው። እንጨቱ በእንፋሎት ተጎብጦ፣ መረቡ በጠፍር ተጠልፎ የተሠራ ነው። እንዴት ኳስ እንደሚይዝ ገና አልገባኝም።

የሴቶቹ ጨዋታ የመጣበት መንገድ ዞር ያለ ነው። ሉዊዛ ላምስደን የተባለች፣ በስኮትላንድ ርእሰ መምህርት የነበረች ሴት በ1884 ሞንትሪያል ላይ ጨዋታውን አይታ ወደደችው። ወደ ትምህርት ቤቷ፣ ወደ ሴንት ሌናርድስ ወሰደችው። በ1890 የመጀመሪያው የሴቶች ግጥሚያ እዚያ ተደረገ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣችው ሮዛቤል ሲንክሌር ደግሞ ውቅያኖሱን መልሳ አሻገረችው። በ1926 ባልቲሞር ውስጥ፣ ብሪን ማር በተባለ የሴቶች ትምህርት ቤት ጀመረችው። ስለዚህ ከነባር ሕዝቦች ወደ ካናዳ ነጮች፣ ከእነሱ ወደ ስኮትላንድ፣ ከስኮትላንድ ወደ ባልቲሞር። ሲንክሌር በ1992 ወደ ዝነኞች አዳራሽ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ሜሪላንድም ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችውም። ላክሮስ ከ2004 ጀምሮ የግዛቷ ይፋዊ የቡድን ስፖርት ነው። የቡድን የሚለው ቃል የገባበት ምክንያት አለው። ዋናው ይፋዊ ስፖርት ከ1962 ጀምሮ በፈረስ ላይ ሆኖ በጦር ቀለበት መውጋት ስለሆነ ነው። ዓመታት እዚህ ኖሬ አንድም ጊዜ አላየሁትም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 9፣ ታውሰን

ልጅቷ ጠዋት ቁርስ አልበላም አለች። ፈርታለች። የምትፈራውም በከንቱ አይደለም። የሴቶች የዓለም ዋንጫ የተጀመረው በ1982 ኖቲንግሃም ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ያላሸነፈችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1986ና በ2005። ሁለቱንም አውስትራሊያ ወሰደች። ሁለቱም ደግሞ የተካሄዱት አሜሪካ ውስጥ ነው፤ የሁለተኛው እዚሁ ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ። በሰው አገር ስምንት ጊዜ አሸንፈው በቤታቸው አንድም ጊዜ ዋንጫ አላነሱም።

አጠገባችን የተቀመጡት ሴት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። በቀሚስና በእንጨት ዱላ የተጫወቱ ናቸው። «በእኛ ጊዜ ሜዳው የዳር መስመር አልነበረውም» አሉን። «ዛፍ ካልገታሽ ትሮጪያለሽ።» በሴቶች ላክሮስ መስመር የተሰመረው በቅርብ ነው፤ ልጅቷ አላመነችም፣ ስልኳን አውጥታ አረጋገጠች። እሳቸው አልተቀየሙም። ድሮው በመጣ ቁጥር ሁለታችንም ወደ ፊት ስናጎነብስ አይተው «አንቺ ይኼን ጨዋታ ለመማር ቀላሉን መንገድ አግኝተሻል» አሉኝ። ምስጋናው ለልጅቷ ነው የሚገባው።

ጨዋታው 11 ለ8 በአሜሪካ አሸናፊነት አለቀ። በላክሮስ ሦስት ግብ ምንም አይደለም፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህም ነው መጨረሻው ሩብ ላይ ስታዲየሙ ቁጭ ብሎ ማየት ያቃተው። የአሜሪካዋ አሠልጣኝ የጄኒ ሌቪ ልጆች ኳስ ሲይዙ አይቸኩሉም። የካናዳ አሠልጣኝ ስኮት ቲተር ደግሞ ከዳር ሆኖ አያርፍም። አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ሴቶች ላክሮስን የሚከታተል ሁሉ የሚያውቃት ሻርሎት ኖርዝ ወደ ግብ ስትዞር አጠገባችን ያሉት ሕፃናት ስሟን እየጠሩ ይጮሃሉ። ለአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን ቴዋራተን ሽልማት በ2021ም በ2022ም ወስዳለች። ዱላውን ከትከሻዋ ጀርባ አውጥታ ስትለቀው ኳሱ አይታይም፤ መረቡ ሲንቀሳቀስ ብቻ ታያለህ።

ለአሜሪካ ዘጠነኛው ዋንጫ ሆነ፤ በአገሯ የመጀመሪያው። ነሐሱን እንግሊዝ አውስትራሊያን 5 ለ4 አሸንፋ ወሰደች። 5 ለ4! «እንዲህ ያለ ውጤት በላክሮስ ሜዳ ሰምቼ አላውቅም» አሉ ሴትዮዋ።

ከሁሉም በላይ በጆሮዬ የቀረው ግን ስንወጣ አንድ ካናዳዊ ደጋፊ ለጓደኛው ያለው ነው። «በርሚንግሃም ላይ ድሮው የለም።» ልጅቷንም ሰምታ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሰምታለች። መኪናው ሳይነሳ በፊት «አክስቴ፣ እንሂድ?» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 13፣ መንገድ

ከሜሪላንድ አላባማ ወደ 1,250 ኪሎ ሜትር ነው። እህቴ «አብዳችኋል» ብላ ምግብ ጭና ላከችን። ኢንተርስቴት 81ን ይዘን የቨርጂኒያን የሼናንዶዋ ሸለቆ ቁልቁል ወረድን። ግራና ቀኝ ተራራ፣ መሐል ላይ የጭነት መኪና ብቻ። ኖክስቪል፣ ቻታኑጋ፣ ከዚያ የጆርጂያን ጥግ ነካ አድርገን አላባማ። ድንበሩ ላይ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጅቷ «ነጻ ሰዓት አገኘን» አለች፤ እኔ ወገቤን ነው ያሰብኩት።

መንገድ ላይ ጉዳዩን ተወያየንበት። በርሚንግሃም ላይ የሚካሄደው የዓለም ጨዋታዎች ነው፤ ኦሊምፒክ ውስጥ የሌሉ ስፖርቶች የሚወዳደሩበት። ላክሮስ እዚያ የሚቀርበው በአዲሱ መልኩ ነው፤ ስድስት ለስድስት፣ ግብ ጠባቂዋን ጨምሮ። ሲክስስ ይባላል። ሜዳው 70 በ36 ሜትር፣ ሩቡ ስምንት ደቂቃ። ኳስ የያዘ ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ግብ መሞከር አለበት። ግብ ሲቆጠር ደግሞ ግብ ጠባቂዋ ኳሱን ከመረቡ አውጥታ ወዲያው ትቀጥላለች። ድሮው የሚኖረው ሩብ ሲጀመር ብቻ ነው። ሰውዬው ያለው እንግዲህ ይኼን ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 14፣ በርሚንግሃም፣ አላባማ

ሙቀቱ ሌላ ነገር ነው። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ሜዳው በከተማው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ተመልካቹ ውኃ ይዞ በየጥላው ተጠግቷል።

ሲክስስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዛሬ ነው። ፍጥነቱ ያደክማል። ግብ፣ ወዲያው መልስ፣ ግብ፣ ወዲያው መልስ። ተከላካይና አጥቂ የሚባል ክፍፍል የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ሁሉን ይሠራል። ልጅቷ ደስ አላላትም። «ተከላካይ የሚያስብበት ጊዜ የለውም» አለች። እኔ ግን ወደድኩት። አንዱ ቡድን በመሐል ሜዳ ብልጫ ብቻ ሌላውን አስቀምጦ ግብ የሚደረድርበት ነገር ቀርቷል።

ስምንት የሴቶች ቡድኖች ናቸው። ሆዲኖሾኒ በሴቶቹ ውስጥ የለም። በወንዶቹ በኩል መጀመሪያ አትገቡም ተብለው ነበር። ሰው ሁሉ ሲቃወም አየርላንድ የራሷን ቦታ ለቀቀችላቸው። በስፖርት ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም፤ አየርላንድ ስትጠራ ከዚህ በኋላ አጨበጭባለሁ።

ዓርብ፣ ጁላይ 15፣ በርሚንግሃም

ጠዋት የ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን አየን። በሴፕቴምበር 1963 ዘረኞች ባፈነዱት ቦምብ አራት ልጃገረዶች የሞቱበት ነው። ሦስቱ 14 ዓመታቸው ነበር፤ አንዷ 11። ልጅቷ ዕድሜያቸውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ብዙ አላወራንም።

ከዚያ የቨልካንን ሐውልት ለማየት ኮረብታው ላይ ወጣን። 17 ሜትር የሚሆን፣ ከብረት የተቀለጠ አንጥረኛ ነው። ከተማዋ በብረት ነው ያደገችው። ሐውልቱ የተሠራው ለ1904ቱ የሴንት ሉዊስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ነው። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ ኦሊምፒክ ነበር፤ ላክሮስም ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ያኔ ነው። ከዊኒፔግ የመጡ ካናዳውያን ወርቁን ወሰዱ፤ ነሐሱን ያገኙት ሞሆኮች ነበሩ። በ1908 ለንደን ላይ ተደገመ፤ ከዚያ ቀረ። በእነዚያ ሁለት ኦሊምፒኮች አንዲትም ሴት ላክሮስ አልተጫወተችም።

የማታውን ጨዋታ እንዲሁ አየን። ነገ እንደገና አሜሪካና ካናዳ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 16፣ በርሚንግሃም

ካናዳ 14፣ አሜሪካ 12።

ልክ ከሳምንት በፊት ሌላ ዋንጫ ያነሳችው አሜሪካ ዛሬ ብር ይዛ ቆመች። አውስትራሊያ ነሐስ። የካናዳ ወንዶችም ከቀናት በፊት ወርቁን ወስደው ነበር።

እኔ የሚታየኝ ምክንያት ይኼ ነው። ካናዳ ውስጥ ላክሮስ በሕግ የታወቀ የበጋ ብሔራዊ ስፖርት ነው። በበጋ ደግሞ በረዶው በተነሣበት የሆኪ አዳራሽ ውስጥ ይጫወቱታል፤ ቦክስ ላክሮስ ይሉታል። ጠባብ ቦታ፣ ፈጣን ቅብብል፣ ሰዓት የሚያጣድፍ ጨዋታ። አንዲት ካናዳዊት በዚያ ካደገች ሲክስስ ቤቷ ነው። የአሜሪካ ልጆች የሚያድጉት በትልቁ ሜዳ ነው፤ ሀብታቸውም እዚያ ነው። ብዙ ተጫዋች፣ ብዙ ቅያሪ፣ ድሮው ላይ የሚመነጩ ግቦች። ሜዳውን አሳንሰህ፣ ድሮውን አውጥተህ ስታየው ልዩነቱ ተመናመነ።

ልጅቷ አልተስማማችም። «አንድ ጨዋታ ነው አክስቴ፤ ሲክስስ ደግሞ ላክሮስ አይደለም» አለች። እስከ ቻታኑጋ ድረስ ተከራከርን። «እሺ፣ ለምን ካናዳ ታውሰን ላይ ተሸነፈች?» ብዬ ስጠይቃት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫዋን ሰካች።

ማስታወሻዬን አሁን ስገለብጥ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በኦክቶበር 2023 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሙምባይ ላይ ተሰብስቦ ላክሮስን ለ2028ቱ ሎስ አንጀለስ አጸደቀው። የሚገባው ሲክስስ ነው፤ በሴቶችም በወንዶችም ስድስት ስድስት ቡድን። የሆዲኖሾኒ ጉዳይ ግን ኮሚቴውን አስቸገረው፤ የራሳቸው የኦሊምፒክ ኮሚቴ የላቸውም። በዲሴምበር 2023 ፕሬዚዳንት ባይደን በራሳቸው ባንዲራ እንዲጫወቱ ደግፈዋል። ልጅቷም በዚህ ትስማማለች። በሲክስስ ላይ ግን አሁንም አልታረቅንም፤ ምንም እንኳ ባለፈው በጋ የሲክስስ ቡድን ገብታ ግብ ማግባት መጀመሯን እናቷ ብትነግረኝም።